ዋጋው ቀድሞ የተከፈለ ምግብ

ስለ ኑሮ ውድነት በተነሣ ቁጥር ዓይናችን ገበያው ላይ ያርፋል። የጤፍ ኩንታል ስንት ገባ፣ ዘይት ለምን ጨመረ፣ ሽንኩርት ምን ነካው እንባባላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም አንድ ቤተሰብ በወር ለምግብ የሚያወጣው ብር የሚወሰነው በገበያው ብቻ አይደለም፤ ጓዳውም እኩል ድምፅ አለው። ከመደርደሪያ ጥግ የተረሳ ግማሽ ኪሎ ምስር፣ በፍሪዘር ታችኛው መሳቢያ በረዶ የዋጠው የበዓል ሥጋ፣ አፉ ተከፍቶ የቀረ የቲማቲም ድልህ፣ ከሁለት ዓይነት ፓስታ የተረፈ እፍኝ እፍኝ፣ ሁሉም ገንዘብ ናቸው። ዋጋቸው ቀድሞ ተከፍሏል። ዛሬ ማታ ከእነሱ የሚሠራ ራት ከኪስ አዲስ ብር አይጠይቅም፤ ሳይበሉ ከተበላሹ ግን ኪሳራው የማንም አይደለም፣ የቤቱ ነው። የዚህ ሳምንት ጽሑፌ የሚከራከረው ለዚህ ነው፦ ጓዳን እንደ ካፒታል ቆጥረን ካልያዝነው ግሽበቱ በወሰደብን ላይ እኛው በእጃችን እንጨምርበታለን።

በአገራችን የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ውስጥ የምግብ ድርሻ ከግማሽ በላይ ነው። ይህም ማለት አማካዩ ቤተሰብ ከሚያወጣው እያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ ከ50 በላዩ ወደ ማዕድ ይሄዳል። ኤርንስት ኤንግል የተባለው ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1857 እ.ኤ.አ. የሠራተኛ ቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ የደረሰበት ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ገቢ ባነሰ ቁጥር ከገቢው ውስጥ ምግብ የሚወስደው ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ የምግብ ዋጋ ሲንር ሁሉም እኩል አይጎዳም። በግንቦት 2014 ዓ.ም የምግብ ዋጋ ግሽበት ከ40 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ፣ ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛውን ለምግብ የሚያወጣ ሰው የቀመሰው ምሬትና ሩቡን ብቻ የሚያወጣው ሰው የቀመሰው አንድ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ ሩዝና የታሸገ ምግብ ሁሉ በአዲሱ የብር ዋጋ መታየት ጀመረ።

እንዲህ ባለው ጊዜ ጓዳ ምን ያህል ያዋጣል? በቀላል ስሌት እንየው። አንድ ቤተሰብ የዓመት በርበሬና ሽሮውን ለማዘጋጀት በአንድ ጊዜ 15,000 ብር አወጣ እንበል። ዋጋው በዓመቱ ውስጥ ቀስ በቀስ 20 በመቶ ቢጨምር፣ ያንኑ መጠን በየወሩ እየገዛ ቢጠቀም ኖሮ በአማካይ 10 በመቶ ጨምሮ ይከፍል ነበር። ስለዚህ ቀድሞ በመግዛቱ ያተረፈው 1,500 ብር ገደማ ነው። ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ በየወሩ እያወጣ ቢገዛስ? ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በዚህ ወለድ፣ እየተቀነሰ የሚሄደው ተቀማጭ የሚያስገኘው 525 ብር ያህል ነው። ልዩነቱ ወደ 1,000 ብር ይጠጋል። እናቶቻችን ከመኸር በኋላ ዛላ በርበሬ በብዛት ገዝተው፣ ቀንጥሰው፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ደልዘው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ በኮረሪማና በጥቁር አዝሙድ አጣፍጠው ሲያስፈጩ የሚሠሩት ሥራ በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የዋጋ ሥጋትን መከላከል ይባላል። ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር።

ነገር ግን ስሌቱ ሌላ ወገን አለው። ከዚያ 15,000 ብር ውስጥ አንድ አሥረኛውን ነቀዝ ቢበላው ወይም እርጥበት ቢያሻግተው የጠፋው 1,500 ብር ነው፤ ትርፉ በሙሉ ተበላ ማለት ነው። ጓዳ ወለድ የሚከፍለው በወጉ ለያዘው ሰው ነው። ብዙ ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻውን ቁጠባ አይባልም፤ እንዲያውም ሰው ብዙ ሲገዛ ያለውን ይረሳል፣ ሲረሳ ደግሞ ሁለተኛ ይገዛል። መደርደሪያው ላይ ሦስት የተከፈተ የሩዝ ፌስታል ያለበት ቤት ሁላችንም እናውቃለን። እያንዳንዱ የተገዛው «ሩዝ አልቋል» ተብሎ ነው።

ባለ ሱቅ ይህን ስሕተት አይሠራም። ዕቃ ሲመጣለት አዲሱን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት ይደረድራል፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ምን እንዳለውና ምን እንዳለቀበት ይቆጥራል። ምክንያቱም መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ሁሉ የታሰረ ገንዘብ መሆኑን ያውቃል። ቤታችን ውስጥ የምናደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ «ዛሬ ምን እንብላ?» ብለን እንወስናለን፣ ከዚያ የጎደለውን ለመግዛት እንወጣለን፣ ያለው ደግሞ እዚያው ይቀመጣል። ጥያቄው «ምን አለን?» ከሚለው ቢጀምር የወር ወጪው ይለወጣል። በበኩሌ ለአንድ ቤተሰብ የምመክረው የመጀመሪያ የፋይናንስ ዕቅድ የባንክ ደብተር አይደለም፤ ደመወዝ ከመድረሱ ሳምንት በፊት ጓዳውንና ፍሪዘሩን ከፍቶ ያለውን በወረቀት መጻፍ ነው።

የምግብ ብክነት የሀብታም አገር ችግር ነው የሚል አመለካከት አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት ይህን አይደግፍም። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በምግብ ቤትና በሱቅ ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ነው። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ አንድ ሰው በዓመት ቤቱ ውስጥ የሚያባክነው 79 ኪሎ ይደርሳል። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ በከፍተኛ፣ በላይኛው መካከለኛና በታችኛው መካከለኛ ገቢ አገሮች መካከል ያለው የቤት ውስጥ ብክነት ልዩነት 7 ኪሎ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ሞቃት አገሮች የበለጠ የማባከን ዝንባሌ እንዳላቸውም ሪፖርቱ ይጠቁማል፤ ሙቀት ባለበትና ማቀዝቀዣ በሌለበት ምግብ ቶሎ ይበላሻልና።

የእኛን ቤት ብክነት ለማየት መሶቡን መክፈት ይበቃል። እንጀራ ከተጋገረ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሻጋታ ይጀምረዋል። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ኃይል ይስባል፤ እስኪግል የሚፈጀው ኃይል ለአምስት እንጀራም ለሃያም ያው ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ በአንድ ጊዜ ብዙ መጋገር ያዋጣል፤ ብዙ ከተጋገረ ደግሞ ሳይበላ የሚሻግተው ይበዛል። አንዱን ወጪ ስትቀንስ ሌላውን ትጨምራለህ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየጊዜው ከፍ እንዲል በመደረጉ ይህ ምርጫ ከበፊቱ ይልቅ ከብዷል። የተጣለ እንጀራ ውስጥ ጤፉ ብቻ አይደለም የሚጣለው፤ ወፍጮው፣ መብራቱ፣ ውሃውና የጋጋሪዋ ጉልበት አብረው ይሄዳሉ።

ይህን ጥያቄ የፈታው ድርቆሽ ነው። ምርጥ የምግብ ኢኮኖሚክስ የማየው እዚህ ላይ ነው። የተጋገረውን ሁሉ ትኩስ ሆኖ መብላት ካልተቻለ የሚተርፈውን ቆራርጦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ በደረቅ ዕቃ መክደን፣ ከዚያ ሲያስፈልግ ከቁሌት ጋር ማገናኘት። ወሳኙ ነገር ሰዓቱ ነው። ድርቆሽ የሚሠራው እንጀራው ገና ደህና ሳለ፣ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ሻጋታ የታየበት እንጀራ አይደርቅም፣ አይፈረፈርም፣ ይጣላል፤ የሻጋታ መርዝ በፀሐይም በእሳትም አይጠፋምና። ብዙ ቤት ድርቆሽ የሚታሰበው ከዘገየ በኋላ መሆኑ ነው የሚያስከፍለው። «ነገ ይበላ ይሆናል» እየተባለ ያደረ እንጀራ በሦስተኛው ቀን ወደ ቆሻሻ ይገባል። በሁለተኛው ቀን ማታ መሶቡን አይቶ «ይህን ያህሉ ነገ አያልቅም» ብሎ መወሰን የቤት አስተዳደር ዋና ችሎታ ነው።

የወር መጨረሻ ራት ከዚሁ ይወጣል። ድስት ላይ ሽንኩርት በትንሹ ይቁላላል፣ ዘይቱ ከተለመደው ግማሽ ይበቃዋል፣ በርበሬው አንድ ማንኪያ፣ ውሃ ጠብ እየተደረገ ይበስላል፤ የቀረች የቲማቲም ድልህ ካለች ትገባለች፤ ካለፈው ወጥ የቀረ ምስር ካለም አብሮ ይገባል። መረቁ ሲሰናዳ ድርቆሹ ይጨመርና እሳቱ ይቀነሳል፤ መረቁን ሲጠጣ ይለሰልሳል። ቋንጣ ያለው ቋንጣውን ቀድሞ ያስገባል። ለዚህ ራት አዲስ የተገዛው ሽንኩርት ብቻ ነው። ቤተሰቡም እንደ ተረፈ ምግብ ሳይሆን ተወዶ የሚበላ ምግብ አድርጎ ያየዋል፤ ቋንጣ ፍርፍር ምግብ ቤት ሄደን በስንት ዋጋ እንደምናዝዘው አስቡት።

ስለ ሽንኩርት ትንሽ ልቆይ፤ የወጥ ቤታችን ውዱ ዕቃ እሱ ነውና። ሽንኩርት በብዛት ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በበጋ፣ ከመቂና ከባቱ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከፎገራ መስኖዎች ነው። ክረምት ሲገባ መሬቱ ይረጥባል፣ ምርቱ ያንሳል፣ መንገዱ ይከብዳል፣ ዋጋው ይወጣል። ሽንኩርት እንደ ምስር ዓመቱን ሙሉ አይቀመጥም። ቁሌት ግን ይቀመጣል። ሽንኩርት በረከሰበት ሳምንት ብዙውን በአንድ ድስት አቁላልቶ፣ ሲቀዘቅዝ ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን በትንንሽ ፌስታል እየከፋፈሉ፣ ጠፍጠፍ አድርጎ ፍሪዘር ማስገባት። ሲበስል መጠኑ በጣም ስለሚቀንስ ቦታ አይፈጅም፤ ጠፍጣፋ ስለሆነም ከፍሪዘር እንደወጣ ድስት ላይ ቶሎ ይቀልጣል። ስድስት ጊዜ ይወጣ የነበረው የማቁላያ እሳት ወደ አንድ ረጅም እሳት ይወርዳል። ፍሪዘር እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ የነጋዴ ሥራ ነው፤ የበጋን ዋጋ ወደ ክረምት ያሻግራል። የቲማቲም ድልህም እንደዚሁ ነው፤ ቆርቆሮው ከተከፈተ በኋላ በማንኪያ በማንኪያ ካልተከፋፈለና ካልቀዘቀዘ፣ የቀረው ግማሽ ባብዛኛው ሻጋታ ይበላዋል።

ፍሪዘር በአገራችን የሚታመን ዕቃ እንዳይሆን ያደረገው የመብራት መቆራረጥ ነው። እዚህ ላይ ሰዉ ማወቅ ያለበት ቁጥር አለ። ምግብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሲቆይ ለረጅም ጊዜ ይጠበቃል። መብራት ሲጠፋ በደንብ የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል። በፍሪጁ የታችኛው ክፍል ያለው ግን አራት ሰዓት ብቻ ነው የሚጠበቀው። ባዶውን ቦታ በውሃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መሙላት ምንም የማያስከፍል ኢንሹራንስ ነው፤ ሥጋቸው ቶሎ የሚቀልጥባቸው ብዙዎች «መብራት ሄደ፣ ሥጋው ምን ሆነ?» እያሉ በየግማሽ ሰዓቱ በሩን የሚከፍቱ ናቸው። ሥጋው ውስጡ ገና በረዶ ካለው ተመልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ቀልጦ ለብ ካለ ግን አይቻልም። ከበዓል በኋላ ቅርጫ የተካፈለ ቤት ሥጋውን በሙሉ ፍሪዘር ላይ መጣሉን አልደግፍም። የተወሰነውን በጨውና በሚጥሚጣ አሽቶ ገመድ ላይ ዘርግቶ ቋንጣ ማድረግ መብራት የማይነካው ቁጠባ ነው። አጥንቱ ለቅቅል ይለይ፣ ሁሉም በአንድ ማብሰያ መጠን ይከፈል። በአንድ ትልቅ ፌስታል የቀዘቀዘ አምስት ኪሎ ሥጋ ሲቀልጥ አምስቱንም ኪሎ እንድትበላ ያስገድድሃል።

ከአገር ውጭ ያለው ወገናችን የዚህ ተቃራኒ ሁኔታ ውስጥ ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ መብራቱ አይጠፋም፤ ከቤተሰብ በሻንጣ የመጣው በርበሬና ሽሮ፣ እንጀራውም ሳይቀር ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። በርበሬና ሽሮ ለጥቂት ቀን በጥልቅ ቅዝቃዜ ሲቆዩ በውስጣቸው ያለ ነቀዝ ይሞታል፤ ይህን አገር ቤትም ፍሪዘር ያለው ሁሉ ሊሠራበት ይችላል፤ ሽሮ ከወፍጮ እንደመጣ ለአራት አምስት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ ከዚያ በደንብ በተከደነ ዕቃ ማኖር ነው።

ብዙ ኢኮኖሚስቶች ያላስተዋሉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ የጾም ቀን አቆጣጠር የጓዳ ማዞሪያም ነው። ቅበላ ሲመጣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ከቤት እንዲያልቁ ይደረጋል፤ 55ቱ የዓብይ ጾም ቀናት ደግሞ የምስር፣ የአተር፣ የሽምብራና የሽሮ ጊዜ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ወጪውን ይገታሉ። በዓለ ኀምሳ ላይ የረቡዕና የዓርብ ጾም ስለሌለ የሥጋና የቅቤ ወጪ ከፍ ይላል፤ ነሐሴ ሲብት የ15 ቀኑ ፍልሰታ ይከተላል። እነዚህን ቀናት የሚያውቅ ቤት ምን መቼ ማለቅ እንዳለበት ያውቃል። ከጾሙ ሳምንታት በፊት ፍሪዘሩን ሳያይ ቅበላውን በአዲስ ግዢ የሚያከብር ግን፣ ለሁለት ወር የሚቀዘቅዝ ሥጋ ላይ ገንዘብ ያስራል። በረመዳንም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ በተራበ ሆድ የሚደረግ ግዢ ይበዛል፤ ከኢፍጣር የተረፈው ምስር ግን ውሃው ጠፍፎ በማግሥቱ የሳምቡሳ መሙያ ይሆናል።

ማከማቸትማ የኖርንበት ነው። ጎተራውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሐረርጌ እህል በጉድጓድ ያኖራል፤ ደቡቡ ደግሞ የእንሰት ቆጮን መሬት ውስጥ ቀብሮ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ያቆየዋል። የጠፋው ቦታው ነው። ኮንዶሚኒየም ጎተራ የለውም፣ በርበሬ የሚሰጣበት ግቢም የለውም። የጠፋውን ቦታ ባልትና ቤቶች ሞልተውታል። ከባልትና ቤት አንድ ኪሎ ሽሮ ስንገዛ ከእህሉ ሌላ የማጠቡን፣ የመቁላቱን፣ የማስፈጨቱንና የማሸጉን ጉልበት እንከፍላለን። ያላግባብ አይደለም። ግን በቤት ሲሠራ ያ ጉልበት ዋጋ አልነበረውም ወይ?

ዋጋ ነበረው፤ የቆጠረው ግን አልነበረም። ኢኮኖሚስቱ ጌሪ ቤከር በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ቤተሰብ ከገበያ የገዛውን ዕቃና የራሱን ጊዜ አጣምሮ የሚያመርት ተቋም መሆኑን አሳየ። ማርክ አጊያርና ኤሪክ ኸርስት የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጡረተኞችን መረጃ መርምረው፣ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ የምግብ ወጪያቸው 17 በመቶ ሲቀንስ ለምግብ ግዢና ዝግጅት የሚያውሉት ጊዜ 53 በመቶ እንደሚጨምር፣ የሚበሉት ምግብ ጥራትና መጠን ግን እንደማይቀንስ አረጋገጡ። ወጪና ፍጆታ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው የሰው ጊዜ አለ። በብሔራዊ ሒሳብ ውስጥ ለራስ ቤተሰብ የሚበስል ምግብ ጉልበቱ አይቆጠርም። እኔ ለዚህ ነው ስለ ቁጠባ ማብሰል ሲወራ አንድ ነገር አጥብቄ የምናገረው። በአገራችን ይህ ጊዜ በአብዛኛው የሴት ጊዜ ነው። ባል «ያለውን እናብስል» ብሎ ቆጠብኩ ሲል፣ ሚስት ከሥራ መልስ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ምድጃ ዳር ከቆመች የቀነሰ ወጪ የለም፤ ወጪው ከኪሱ ወደ ጉልበቷ ዞሯል። ቆጠራውን ወንዱ ይሥራ፣ ድርቆሹን ልጆቹ ይዘርጉ፣ ቁሌቱ በእሑድ በጋራ ይሠራ። ቁጠባ የሚባለው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ፍሪጅና ደመወዝ ላለው አንባቢ መሆኑንም ግልጽ ላድርግ። የቀን ሠራተኛውን በቁጠባ መምከር ትክክል ነው ብዬ አላምንም። እሱ ዘይት በትንሽ ፌስታል፣ በርበሬ በማንኪያ፣ ቡና በስኒ ልክ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ ይገዛል። በአንድ ኪሎ ሲታሰብ ከማናችንም የበለጠ ዋጋ ይከፍላል። የሚጥለውም የለውም፤ ጓዳው ውስጥ የሚያድር ነገር የለምና። ድህነት የሚያስከፍለው ተጨማሪ ዋጋ ይህ ነው፤ በጅምላ ለመግዛት የሚያስችለው ገንዘብ በእጁ ስለማይሰበሰብ ብቻ በየቀኑ ውድ ይገዛል።

መፍትሔው በልማዳችን ውስጥ አለ። ቅርጫ የሚባለው ነገር በመሠረቱ በሬን በጅምላ ገዝቶ በችርቻሮ መጠን መካፈል ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ለበዓል በሬ በየወሩ የሚያዋጡበት ሥርዓትም ተለምዷል። ይህንኑ ለበርበሬና ለሽሮ ማድረግ የሚከለክል ምንም ነገር የለም። አሥር ጎረቤት ሴቶች ከመስከረም ጀምረው በወር 500 ብር ዕጣ በማይወጣበት እቁብ ቢያስቀምጡ የካቲት መጨረሻ ላይ 30,000 ብር ይኖራቸዋል። የማረቆና የሐላባ በርበሬ መኸር ያን ጊዜ አልፏል፣ ዛላው ደርቋል። ያን ገንዘብ ይዞ መርካቶ የሚሄድ ሰው በማንኪያ ከሚገዛው ጋር አንድ ዋጋ አይጠራለትም፤ ወፍጮውም ለአንድ ትልቅ ዙር የተሻለ ዋጋ ያስከፍላል። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ በየወረዳው ለዘይትና ለስኳር የሚያደርጉትን ለምስር፣ ለሽምብራና ለአተር ክክ ቢያደርጉ፣ በተለይም ደመወዝ በማይኖርበት በወር መጨረሻ ሳይሆን በመኸር ወራት በተራዘመ ክፍያ ቢያቀርቡ፣ የቀን ሠራተኛውም የሚቆጥረው ጓዳ ይኖረዋል። እንዲህ ያለ እቁብ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ ታማኝ ሰብሳቢና የመስከረም የመጀመሪያ ደመወዝ ነው።